ብዕሩን የያዘው ማነው?

(በሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ በአንድ የማኅበረሰብ አዳራሽ ለወላጆችና ለወጣቶች ካደረግሁት ንግግር ተስተካክሎ የተጻፈ)

እንደምን ዋላችሁ። እሑድ ከሰዓት፣ ለዚያውም ቡናው ሦስተኛ ሳይደርስ፣ ስለ ኮሌጅ አሠልጣኞች ደመወዝ ለመስማት ይህን ያህል ሰው ይመጣል ብዬ አልጠበቅሁም። ወጣቶቹ ከኋላ ተደርድራችሁ አያችኋለሁ። ውጤቱን እናንተ ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁና ስሳሳት አርሙኝ። ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጠራው።

ነገሩ የተነሣው ባለፈው ጊዜ እዚሁ ስንሰበሰብ ነው። አንዲት እናት፣ አሁንም ከፊት ተቀምጠዋል፣ የልጃቸውን የዩኒቨርሲቲ ቢል በስልካቸው አውጥተው አሳዩኝ። ትምህርቱ፣ ዶርሙ፣ ምግቡ ተዘርዝሯል። ከታች ደግሞ «የአትሌቲክስ ክፍያ» የሚል አንድ መስመር አለ። «ልጄ ኳስ ነክቶ አያውቅም፤ የሚማረው ነርሲንግ ነው። ይቺ የማን ናት?» አሉኝ። ቆሜ አሥር ደቂቃ ያህል ለማስረዳት ሞከርሁ። እሳቸውም በትሕትና «እሺ» አሉኝ፤ ነገር ግን እንዳልገባቸው ያስታውቅ ነበር። እኔም አጥርቼ አልነገርኳቸውም። ዛሬ ዕዳዬን ልክፈል።

ሙያዬ ሒሳብ ነው። ለዓመታት በአንድ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የደመወዝ ክፍል ሠርቻለሁ። ስሙን አልጠራም፤ እንጀራዬን የበላሁበት ቤት ነው። ሥራውን እንደጀመርሁ ሰሞን፣ በወሩ መጨረሻ ዝርዝሩን ሳመሳክር አንድ ስም ላይ ቆምሁ። ክፍሉ አትሌቲክስ ይላል፣ የቢሮ ቁጥር የለውም፣ የሥራ መደቡ ላይ «የቀድሞ» የሚል ቃል አለ። የገንዘቡ መጠን ግን የእኛን ክፍል ሠራተኞች ሁሉ ደመወዝ ደምረህ አታገኘውም። ተሳስቶ የገባ መስሎኝ ለአለቃዬ ወስጄ አሳየኋት። ቀና እንኳ ሳትል «ውሉ ነው፣ አስተላልፈው» አለችኝ። በዚያው ሳምንት ላይብረሪ ውስጥ መጽሐፍ የሚደረድሩ ተማሪዎች የሰዓት ክፍያችን ይሻሻልልን ብለው ያስገቡት ወረቀት «በጀት የለም» ተብሎ ተመልሷል። ያንን መመለሻ ደብዳቤ ፖስታ ውስጥ ያስገባሁትም እኔ ነኝ።

ሰዉ ስለ አሠልጣኞች ሲከራከር ሁለት ነገር አንድ ላይ ይጨፈልቃል፤ ጭማሪንና ማራዘሚያን። ጭማሪ ማለት ሥራህን አይቼ ወደድሁት፣ ዘንድሮ ይህን ያህል ልጨምርልህ ነው። ማራዘሚያ ግን ሌላ ነው። ገና ላልሠራኸው ዓመት፣ ባባርርህም እንኳ እከፍልሃለሁ ብሎ መፈረም ነው። ውሉ ሳያልቅ ሲያባርሩት የሚከፍሉት ገንዘብ እዚህ አገር «ባይአውት» ይባላል። አሠልጣኙ ጭማሪ ይገባዋል ወይ ብትሉኝ፣ ብዙ ጊዜ አዎ ነው መልሴ። ስታዲየም ሞልቷል፣ ቴሌቪዥኑ ከፍሏል፣ ሰውየው ድርሻውን ቢጠይቅ ምን ነውር አለው? ጠቤ ከማራዘሚያው ጋር ነው።

ከራሳችን ሰፈር ልጀምር። ኮሌጅ ፓርክ ከዚህ በመኪና ሃያ ደቂቃ ቢሆን ነው። የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ በ2010 ማብቂያ ላይ የፉትቦል፣ ማለትም የአሜሪካኖቹ ኳስ፣ አሠልጣኙን ራልፍ ፍሪጀንን አሰናበተ። ሰውየው በዚያው ሲዝን 9 ጨዋታ አሸንፎ የኮንፈረንሱ፣ ማለትም አብረው የሚወዳደሩት ዩኒቨርሲቲዎች ማኅበር፣ የዓመቱ አሠልጣኝ ተብሎ ነበር። ለቀረችው አንዲት የውል ዓመት 2 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ከፍለው ሸኙት። የተካው ራንዲ ኤድሶል በመጀመሪያው ዓመት 2 አሸንፎ 10 ተሸነፈ። በዚያው በ2011 ኅዳር ላይ ዩኒቨርሲቲው የአትሌቲክሱ በጀት ጎድሏልና ስምንት ቡድኖች ሊዘጉ ነው አለ። የወንዶች የአውትዶር ትራክ ደጋፊዎቹ ገንዘብ አሰባስበው ተረፈ። ሰባቱ በ2012 ክረምት ተዘጉ፤ ዋና፣ ቴኒስ፣ የወንዶች የኢንዶር ትራክ፣ የወንዶች ክሮስ ካንትሪ... ክሮስ ካንትሪ! ጫማና ቁምጣ ብቻ የሚጠይቀው ስፖርት፣ በዚህ አካባቢ የእኛ ልጆች በብዛት የሚሮጡት። ኤድሶል ግን ቆየ። በ2015 ሰኔ ላይ እስከ 2019 የሚያደርስ ማራዘሚያ ፈረሙለት፤ በጥቅምት አባረሩት። አራት ወር! ሰኔ ላይ ያዩትን ምን ነጠቃቸው?

እናንተ ወጣቶቹ ዩኒቨርሲቲዎቹ ማራዘሚያ ለምን እንደሚፈርሙ ታውቃላችሁ። ያልሰማችሁ ወላጆች ግን ስሙኝ፣ ምክንያቱ ሙሉ በሙሉ ዕብደት አይደለም። አሠልጣኙ ለቡድኑ ተጫዋች ሊመለምል የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ቤት ይሄዳል፣ ከእናትና ከአባት ጋር ሶፋ ላይ ይቀመጣል፣ «ልጃችሁን ስጡኝ» ይላል። ሽምግልና በሉት። እናት ደግሞ ቀድማ የምትጠይቀው «አንተስ አራት ዓመት እዚያ ትኖራለህ?» ብላ ነው። ውሉ ሊያልቅ ሁለት ዓመት ብቻ ከቀረው፣ ተፎካካሪው ዩኒቨርሲቲ ወደዚያው ቤት ደውሎ «ያ ሰውዬ ሊባረር ነው» ይላል። ስለዚህ አትሌቲክ ዳይሬክተሩ፣ ማለትም የዩኒቨርሲቲው የስፖርት ክፍል ኃላፊ፣ በየሁለት ዓመቱ ውሉን እየሳበ ያረዝመዋል። እዚህ ድረስ ገብቶኛል። የማይገባኝ የተራዘመው እያንዳንዱ ዓመት ለምን በሙሉ ጋራንቲ እንደሚታሰር ነው። እዚያ ላይ ኤጀንት የሚባለው፣ ለአሠልጣኙ ውል የሚደራደርለት ሰው አለ። ሥራው ቀላል ነው፤ ሌላ ዩኒቨርሲቲ ቦታ ሲለቀቅ የደንበኛውን ስም ጋዜጠኞች ዘንድ ይጥላል፣ ከዚያ ስልኩ እስኪጮህ ይጠብቃል።

የ2021 መከር የዚህ ሁሉ ትምህርት ቤት ነው። የሳውዘርን ካሊፎርኒያና የሉዊዚያና ስቴት ዩኒቨርሲቲዎች የፉትቦል ዋና አሠልጣኝ ቦታ ተለቀቀ። የሉዊዚያናው ኤድ ኦርጀሮን በ2019 ሲዝን አንድም ሳይሸነፍ ዋንጫ የወሰደ ሰው ነው፤ ማግሥቱን ውሉ ተራዘመለት፤ ሁለት ዓመት ሳይሞላ ወደ 17 ሚሊዮን ዶላር ይዞ ውጣ ተባለ። እሱ ራሱ በኋላ እየሳቀ እንዳወራው፣ የገንዘቡን መጠን ሲሰማ ያነሣው ጥያቄ በስንት ሰዓት ልሂድ፣ በየትኛው በር ልውጣ የሚል ብቻ ነበር። እንግዲህ ሁለቱ ቦታ ክፍት ሆኖ ሳለ የየአሠልጣኙ ስም መናፈስ ጀመረ። ፔን ስቴት ደንግጦ ለጄምስ ፍራንክሊን የአሥር ዓመት ውል ፈረመ። በማግሥቱ ሚሺጋን ስቴት ለሜል ታከር አሥር ዓመት፣ 95 ሚሊዮን ዶላር አለ። ታከር በኦሃዮ ስቴት 56 ለ 7 ከተሸነፈ ገና ሳምንት አልሞላውም! በሳምንቱ ደግሞ ሉዊዚያና ስቴት ብራያን ኬሊን ከኖተር ዳም አመጣ፤ እሱም አሥር ዓመት፣ እሱም 95 ሚሊዮን። ከዚያ ቀደም ብሎ፣ ሲዝኑ ሊጀመር ሲል ቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም የጂምቦ ፊሸርን ውል እስከ 2031 አራዝሞ ነበር።

አራት ሰዎች፣ አራት ረጃጅም ውሎች። ታከር በ2023 መስከረም ተባረረ። ፊሸር በዚያው ዓመት ኅዳር ተባረረ። ፍራንክሊን በ2025 ጥቅምት 12፣ ኬሊ በዚያው ወር በ26። አንዱም የውሉን ግማሽ አልደረሰም።

በፊሸር ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ወረቀቱ ለእንደኔ ዓይነቱ ሰው ደስ ይላል። ባይአውቱ ከ76 ሚሊዮን ዶላር በላይ ነው። ወደ 19 ሚሊዮን የሚሆነው በስድሳ ቀን ውስጥ፣ የቀረው በየዓመቱ ከ7 ሚሊዮን በላይ እየሆነ እስከ 2031። ሌላ ቦታ ቢቀጠር እንኳ አይቀነስበትም። አንድ ተማሪ በዓመት 12 ሺህ ዶላር የትምህርት ክፍያ አለበት ብለን ብናስብ፣ ያ ገንዘብ የስድስት ሺህ ተማሪዎችን ዓመት ይሸፍናል። የፍራንክሊንን ተመልከቱ ደግሞ። ዕዳው 49 ሚሊዮን አካባቢ ነበር፤ ነገር ግን ውሉ ሌላ ሥራ ካገኘ የሚቀነስ ነውና በወሩ ቨርጂኒያ ቴክ ሲቀጥረው በ9 ሚሊዮን ተስማሙ። በአንዲት አንቀጽ 40 ሚሊዮን ዶላር ዳነ ማለት ነው። ያቺን አንቀጽ ለማስገባት የሚያስፈልገው ጠበቃ በሰዓት ስንት እንደሚያስከፍል አላውቅም፤ ከዚያ እንደማይበልጥ ግን እርግጠኛ ነኝ። (ፍራንክሊን፣ በነገራችን ላይ፣ የእኛው ኮሌጅ ፓርክ ሰው ነበር። በ2009 ሜሪላንድ እስከ 2012 መባቻ ዋና አሠልጣኝ ካላደረግንህ 1 ሚሊዮን እንከፍልሃለን ብሎ ፈርሞለት፣ እሱ ሳይጠብቅ ሄደ።)

አሁን ፊሽካ የያዘውን ሰውዬ እንርሳውና ብዕር የያዘውን እንፈልግ። ፊሸርን በ2017 በ75 ሚሊዮን፣ ሙሉ ጋራንቲ ይዞ ያመጣው ስኮት ውድዋርድ የሚባል አትሌቲክ ዳይሬክተር ነው። በ2019 ወደ ሉዊዚያና ስቴት ሄደ። እዚያ ኬሊን በ95 ሚሊዮን የቀጠረውም እሱው ነው። ኬሊ ሲባረር ወደ 54 ሚሊዮን ዕዳ ቀረ፣ የግዛቱ ገዥ ጄፍ ላንድሪ በአደባባይ ተቆጡ፣ ውድዋርድም በቀናት ውስጥ ቦታውን ለቀቀ። ቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም ላይ የፊሸርን ማራዘሚያ የፈረመው ሮስ ብዮርክስ? ፊሸር በተባረረ በሁለት ወሩ የኦሃዮ ስቴት አትሌቲክ ዳይሬክተር ሆኖ ተሾመ። ኦሃዮ ስቴት! ከዚያ የሚበልጥ ስንት ቦታ አለ? እዚሁ ሜሪላንድም የቅርጫት ኳሱ ኬቪን ዊላርድ በ2022 የሰባት ዓመት ውል ፈርሞ በ2025 ወደ ቪላኖቫ ሄደ፣ የፈረመለት ዴመን ኢቫንስም በዚያው ወር ኤስ ኤም ዩ ወደሚባል ሌላ ዩኒቨርሲቲ። ፈራሚውም ተፈራሚውም ሄዱ፤ ወረቀቱ ነው የቀረው።

በሰው ብር የሚፈርም ሰው እጁ አይንቀጠቀጥም። እኔ ለሦስት መቶ ዶላር ግዢ ሦስት ፊርማ የሚጠየቅበት ቢሮ ነው የሠራሁት።

እዚህ ላይ ከኋላ አንድ ጎረምሳ እጁን አወጣ። «አባባ፣ እርስዎ 76 ሚሊዮን ቢሰጡዎት አልፈርምም ይላሉ?» አለኝ። አዳራሹ ሳቀ። እፈርማለሁ ልጄ፣ አልሁት፤ እስክሪብቶውን ራሴ ይዤ ነው የምሄደው። ለዚህ ነው አሠልጣኞቹን የማልወቅሰው።

የሚገባቸውም አሉ፣ አልክድም። የቅርጫት ኳሱ ማይክ ሸሼቭስኪ ዱክ ዩኒቨርሲቲ በ1980 ሲቀጠር የመጀመሪያ ሦስት ዓመቱ 38 ድልና 47 ሽንፈት ነበር። በ1983 በኮንፈረንሱ ውድድር በቨርጂኒያ 109 ለ 66 ተሸነፈ። የቀድሞ ተማሪዎችና ለጋሾች ይባረር አሉ። አትሌቲክ ዳይሬክተሩ ቶም በተርስ ግን በ1984 መጀመሪያ፣ ገና ጩኸቱ ሳይበርድ፣ የአምስት ዓመት ማራዘሚያ ሰጠው። ከዚያ አምስት ብሔራዊ ዋንጫ፣ እስከ 2022 ድረስ። ይህን ታሪክ የሚጠቅሱት ማራዘሚያ ጥሩ ነው ለማለት ነው። እኔ ግን ልብ ብዬ የማየው ሌላ ነገር ነው፤ በተርስ የፈረመው ማንም ሰው ሊነጥቀው ባልመጣበት ሰዓት ነው። ልምምዱን ሄዶ ያይ ነበር፣ ሰውየውን ያውቀው ነበር። ከጎረቤት ስልክ ፈርቶ አልነበረም። የፉትቦሉ ኒክ ሴበንም አለ። አላባማ በ2007 ለስምንት ዓመት 32 ሚሊዮን ሲከፍለው አገር ጮኸ፤ ስድስት ዋንጫ አመጣ፣ በእሱ ዘመን የተማሪው ቁጥር ከ25 ሺህ አካባቢ ወደ 38 ሺህ ወጣ። ያን ሁሉ ተማሪ ያመጣው ፉትቦል ብቻ አይደለም፤ ያላየው ግን የለም።

በተቃራኒው ኖተር ዳም አለላችሁ። ቻርሊ ዋይስ በ2005 በመጀመሪያ ዓመቱ፣ ሰባት ጨዋታ ብቻ ካደረገ በኋላ፣ እስከ 2015 የሚዘልቅ ውል ተፈረመለት። ለዚያውም ከሰሞኑ ታላቅ ቡድን ጋር ተጋጥሞ በ3 ነጥብ ተሸንፎ! ጠላ እንኳ ከጠነሰሱት በኋላ ቀን ይሰጡታል። በ2009 ተባረረ፤ እስከ 2015 ማብቂያ ወደ 19 ሚሊዮን ዶላር ተከፈለው። በመካከሉ ካንሳስ ቀጥሮት ካንሳስም አባሮት፣ ለተወሰነ ጊዜ ከሁለቱም ያለ ሥራ ይከፈለው ነበር። ይህ ዩኒቨርሲቲ ለእኛ በሌላ ምክንያት የታወቀ ነው። ያሬድ ንጉሤ፣ ከኢትዮጵያ የመጡ ወላጆች ልጅ፣ ለኖተር ዳም ሮጦ ነው በ2019 የኮሌጆች የ1500 ሜትር ሻምፒዮን የሆነው፤ በፓሪስ ኦሊምፒክ በ3:27.80 ነሐስ ሲያገኝ እዚሁ አዳራሽ ስክሪን ዘርግተን አይተናል። ሎሚ ሻይ የያዙት አባት ብርጭቆውን እንደጣሉት አይረሳኝም።

የሚያስቸግረኝ ኢንዲያና ነው፤ አልደብቃችሁም። በሽንፈት ብዛት የሚታወቅ ቡድን ነበር። ከርት ሲግኔቲ መጣ፣ በመጀመሪያ ዓመቱ በ2024፣ 11 ጨዋታ አሸነፈ። ሲዝኑ ሳያልቅ የስምንት ዓመት 72 ሚሊዮን ተሰጠው። ዓመት ሳይሞላ በ2025 ጥቅምት እንደገና፣ 93 ሚሊዮን። ያ ሁለተኛው የተፈረመው ፔን ስቴት ፍራንክሊንን ካባረረ በአራተኛው ቀን ነው። ሲግኔቲ የተወለደው ደግሞ ፔን ስቴት ባለበት ግዛት፣ በፔንሲልቬንያ ነው፤ እንዳይወስዱባቸው ፈሩ። የፍርሃት ፊርማ ነው? ነው። ሰውየው ይገባዋል? ይገባዋል። ሁለቱም እውነት ሲሆን ምን እንደሚባል ገና እያሰብሁበት ነው።

አሁን ወደ እናታችን ቢል። ዩኒቨርሲቲዎቹ ሁልጊዜ «የአሠልጣኙ ገንዘብ ከትኬት፣ ከቴሌቪዥንና ከለጋሽ ነው፤ የተማሪ ክፍያ አልነካንም» ይላሉ። በወረቀት እውነት ነው፤ እኔም እንደዚያ ነበር የምመዘግበው። ነገር ግን ከሁለት ምንጭ የተቀዳ ውኃ እንስራ ውስጥ ከገባ በኋላ አይለይም። የለጋሹ ገንዘብ ለተባረረው አሠልጣኝ ሲሄድ፣ የአውቶቡሱንና የሆቴሉን ጉድለት የሚሞላው የልጅዎ መስመር ነው። ሚሺጋን ስቴት በ2020 ጥቅምት ገንዘብ አጠረን ብሎ የዋና ቡድኖቹን እንደሚዘጋ አስታወቀ። በዓመቱ ለታከር 95 ሚሊዮን ሲፈርም ዋነኞቹ ደጋፊዎች ለጋሾች ነበሩ። ሁለቱ ኪስ አይገናኝም ይሉናል፤ ሱሪው ግን አንድ ነው።

ከ2025 ሐምሌ ወዲህ ደግሞ ነገሩ ጠንክሯል። ፍርድ ቤት ባጸደቀው ስምምነት አንድ ዩኒቨርሲቲ ለራሱ ለስፖርተኞቹ በመጀመሪያው ዓመት እስከ 20.5 ሚሊዮን ዶላር በቀጥታ መክፈል ይችላል። ለዘመናት ያለ ደመወዝ የተጫወቱት ልጆች ድርሻ ማግኘታቸው ደስ ይለኛል። ግን ይህ አዲስ ወጪ ነው፣ አሮጌው ባይአውትም አልቀረም። ሲጠብ ማን እንደሚወጣ በ2012 አይተናል፤ ሯጩና ዋናተኛው።

ምን እናድርግ ላላችሁኝ፤ እዚህ ግዛት የዩኒቨርሲቲውን ሥርዓት የሚመራው የሬጀንቶች ቦርድ ነው፣ ስብሰባውም ለሕዝብ ክፍት ነው። ሄዶ መጠየቅ ያለበት አሠልጣኙ ስንት ይከፈለዋል የሚል አይደለም፤ ቁጥሩን ሲሰሙ ሁሉም ይደነግጣል፣ ከዚያ ይረሳል። ሌላ ሥራ ሲይዝ ይቀነሳል ወይ? ዓመት ባለፈ ቁጥር ባይአውቱ ይወርዳል ወይስ ይወጣል? የፈረመው ሰው የራሱ ውል ስንት ዓመት ቀረው? እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች እንግሊዝኛው አስቸጋሪ ለሆነበት ወላጅ ጽፌ እሰጣለሁ፤ ከቡናው በኋላ ጠጋ በሉኝ።

ያ የመጀመሪያው «የቀድሞ» የተባለ ስም ከዝርዝሬ የወጣው በአራተኛ ዓመቱ ነው። የመጨረሻውን ክፍያ አስተላልፌ መስመሩን ሰረዝሁ፤ አለቃዬን ጠርቼ አሳየኋት፣ ሁለታችንም ፈገግ አልን። በሦስተኛው ሳምንት ከአትሌቲክስ ክፍል አንድ ቅጽ መጣ። ስሙ ሌላ ነው፣ የቢሮ ቁጥር የለውም።